ጠጁ እንዲቆይ ማሩ ማር ይሁን

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ ለሠርግና ለዓውደ ዓመት የሚጣለው ጠጅ ማቆያ ኬሚካል አያውቅም። በፋብሪካ ቀይ ወይን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሰልፋይት ይጨመራል፤ እናቶቻችን ግን በማር፣ በውኃና በጌሾ ብቻ ሳምንታት ቆይቶ የሚበስል መጠጥ ያወጣሉ።

የጋኑ አፍ በደንብ ካልታሸገ አየር ያገኘው ጠጅ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል። ይህን ጣይዋ ታውቀዋለች። ከእጇ ውጪ የሆነው ማሩ ነው።

ስኳር የተቀላቀለበት ማር ገበያ ላይ ሲወጣ፣ ስኳርና ቢጫ ቀለም ጠጅ ተብሎ በብርሌ ሲቀርብ የሚጎዳው ጠጪው ብቻ አይደለም። ንጹሕ ማር ይዞ የወጣው የዳባትና የደባርቅ አናቢም ከሐሰተኛው ጋር በአንድ ዋጋ ይደራደራል።

አናቢውም ድርሻ አለበት። ከክረምቱ አበባ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር፣ ንቦቹ እንጀራውን በሰም ሳይደፍኑት ከተቆረጠ ውኃ ይበዛበታል። ዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደረጃ በጥቅሉ ለማር የሚፈቅደው እርጥበት ከ20 በመቶ አይበልጥም፤ ከዚያ ያለፈው ገና ጋን ሳይገባ በዕቃው ውስጥ ሊቦካ ይችላል። ገዢ ሲጎተጉት ቸኩሎ መቁረጥ እንግዲህ ትርፉ ይህ ነው።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የተከፋፈለ ቀፎ ቆጥረው ሪፖርት ማድረጋቸው አይበቃም። በእጅ የሚያዝ እርጥበት መለኪያ ለቀበሌ ባለሙያዎች ያድርሱ፤ የንግድ ጽሕፈት ቤቶችም የማር ተራውንና ጠጅ ቤቱን ይፈትሹ። ሁለቱም ሥራ ከጥቅምቱ ቆረጣ በፊት መጀመር አለበት።