አርባ ስም፣ አንድ ፊርማ

«ዘመናዊ ባርነት» የሚለው ቃል ሲነሳ የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ ነው። ፓስፖርታቸውን ተነጥቀው በሰው ቤት የተቆለፈባቸውን እህቶቻችንን ታሪክ እየሰማን ስላደግን አይፈረድብንም። እኔም እስከ ሁለተኛ ዓመት ድረስ ነገሩን የማስበው እንደዚሁ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ግን ሩቅ አገር ሳይሆን ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው የራሳችን ይርጋጨፌ ናት።

በአንድ የቡና ወቅት ስሙን በማልጠቅሰው አነስተኛ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ውስጥ ሚዛን ቤት መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራውን ለማያውቅ ልንገራችሁ። እሸት ቡና የሚገባው በአብዛኛው ወደ ማታ ነው። እሸት ደግሞ አያድርም፣ በመጣበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ማሽኑ እስከ ሌሊት ሲጮህ ያመሻል። ጠዋት ሴቶቹ በማድረቂያ አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ሲለቅሙ ይውላሉ። የደመወዝ ቀን ደርሶ ደብተሩን ስከፍት አርባ የሚሆን ስም አለ፣ ፊርማው ግን አንድ ነው። የደላላው! ብሩን ጠቅልሎ ይወስድና ለሠራተኞቹ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ለእያንዳንዷ ስንት እንደደረሳት የሚያውቅ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን ከለቃሚዎቹ አንዷ መጥታ «ወንድሜ፣ ዕዳዬ ስንት እንደቀረ እይልኝ» አለችኝ። ምን ዕዳ? ከሩቅ ወረዳ የመጣችበት የመኪና፣ የምትበላው፣ ከሌሎች ጋር ተደራርባ የምታድርበት ቤት ኪራይ ሁሉ በስሟ ተጽፏል። የተጻፈው ግን እኔ ደብተር ላይ ሳይሆን ደላላው ኪስ ባለው ደብተር ላይ ነው። የቀበሌ መታወቂያዋንም «እንዳይጠፋብሽ» ብሎ ይዞታል። እናቷ ታመው ልትሄድ ስትል «ወቅቱ ሲያልቅ እንተሳሰባለን» ተባለች። የመታት የለም፣ በር የዘጋባትም የለም። መሄድ ግን አልቻለችም።

ታዲያ ይሄ ባርነት ነው ወይስ እንዲሁ የሥራ ችግር? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 18 ባርነትንም የግዳጅ ሥራንም ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም ሰውን በዕዳ መያዝን ከብዝበዛ ይቆጥረዋል። የዓለም ሥራ ድርጅት 29ኛ ኮንቬንሽን የግዳጅ ሥራ የሚለው አንድ ሰው በፈቃዱ ሳይሆን ቅጣት ፈርቶ የሚሠራውን ሥራ ነው። ቅጣቱ ጅራፍ ብቻ አይደለም፣ የለፉበትን የሁለት ወር ደመወዝ ማጣትም ቅጣት ነው። ድርጅቱ ከዘረዘራቸው 11 የግዳጅ ሥራ ምልክቶች መካከል ደመወዝ መያዝ፣ መታወቂያ መያዝና የዕዳ ባርነት ይገኙበታል። እኔ ሦስቱንም በአንዲት ልጅ ላይ አይቻለሁ። የጌዴኦ ሽማግሌዎች እንኳን ለዚህ ኮንቬንሽን አያስፈልጋቸውም። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ጭሰኛ የነበሩ አባቶች ልጆች ናቸውና።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ቡናው ከእንሰቱና ከዛፉ ጥላ ሥር በየጓሮው የሚበቅልበት ነው። ከትምህርት መልስ ከእናቱ ጋር እሸት የሚለቅም ልጅ ታየ ተብሎ «ባርነት» ቢባል እኔ አልቀበልም። ያው ልጅ በደላላ ተጭኖ መጥቶ ሌሊት ማሽን ሥር ሲቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን መቅጠር አይቻልም። ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት የለበትም። የቡና ጣቢያ ሥራ የሚደምቀው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። ዕድሜ መጠየቅ ያለበትም በጠዋቱ ሰልፍ ሳይሆን በሌሊቱ ፈረቃ ላይ ነው።

ወደ ባለቤቱ ልመለስ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እንዲያውም ለበዓል በግ የሚያርዱልን ሰው ናቸው። ችግራቸው ብር ነው። ያላቸውን ሁሉ እሸት ገዝተውበት ገንዘባቸው አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ቡናው ደርቆ፣ ተጭኖ፣ ደረጃ ወጥቶለት እስኪሸጥ ድረስ ወራት ያልፋል። በዚህ መሃል ደመወዝ ማዘግየት ቀላሉ መውጫ ሆነ። በሌላ አነጋገር ለድርጅቱ ያለወለድ የሚያበድረው ባንኩ ሳይሆን ለቃሚዋ ናት። ስለ ዘመናዊ ባርነት መከላከል ብዙ ሥልጠና ይሰጣል፣ ስለዚህች ብድር ግን ማንም አያወራም። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም ሆነ ባንኮች ለአነስተኛ አቅራቢ ብድር ሲሰጡ የእሸት መግዣውን ብቻ ሳይሆን የለቃሚ ደመወዙንም ለይተው ቢያስቡት ከግድግዳ ላይ ሰርተፍኬት የበለጠ ይሠራል ባይ ነኝ።

ሰርተፍኬት ካልኩ አይቀር ልናዘዝ። ከውጭ ገዢ በእንግሊዝኛ የተላከ ቅጽ መጥቶ ነበር። «በድርጅታችሁም ሆነ በአቅራቢዎቻችሁ ዘንድ የግዳጅ ሥራ አለ?» ይላል። እንግሊዝኛ የሚያነብ እኔ ስለነበርኩ የሞላሁት እኔ ነኝ። «የለም» የሚለው ላይ ቲክ አደረግሁ። ልጅቷ ያን ጊዜ ከመስኮቱ ውጭ አልጋው ላይ ቆማ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ከዚህ ዲፓርትመንት ተመርቀን ስንወጣ ብዙዎቻችን የምንይዘው ያንኑ ደብተርና ያንኑ ቅጽ ስለሆነ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ተግባራዊ የሚሆነው ከታህሳስ 2020 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን ድርጅቱ ትንሽ ነው ተብሎ የሚታለፍ የለም። ቅጹም ይበዛል ማለት ነው። ደብተሩን ማስተካከል ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሕጉ ራሱ ደመወዝ በቀጥታ ለሠራተኛው ወይም እሱ ለወከለው ሰው ይከፈል ይላል፣ የሚቆረጠውም ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ወስኗል። በየሳምንቱ በእጇ ተከፍሏት በራሷ ጣት ከፈረመች፣ መታወቂያዋ በኪሷ ከሆነ፣ የመምጫ መኪናውን ድርጅቱ ከቻለ፣ ደላላው የሚይዛት በምን ይሆናል? እሸት ከሚያመጡልን ሰብሳቢዎችም ጋር ስንዋዋል የኪሎውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሰዎቻቸውን አከፋፈል እንጠይቅ።

ባለፈው ወቅት ባለቤቱን ይርጋጨፌ ገበያ አግኝቻቸው ነበር። «ልጄ፣ አሁን በየቅዳሜው በእጃቸው ነው የምሰጣቸው» አሉኝ። ደላላውስ ብላቸው «ሰው የሚያመጣልኝ እሱ ነው፣ ምን ላድርገው?» አሉ። የእሱን ክፍያ ከልጆቹ ከሚቆርጥ እርስዎ ይክፈሉት አልኳቸው። «ስንት እንደሚጠይቅ ብታውቅ!» ብለው ሳቁ። ሲነግሩኝ በልቤ አሰላሁት፣ በሰው ከአንዲት ለቃሚ የአራት ቀን ደመወዝ አይበልጥም። ይህንኑ ነገርኳቸው። እናያለን ብለውኝ ተለያየን።