የጨዋታ መሪ ኀላፊነት

ሐሙሲት፣ ስሟ እንደሚያመለክተው፣ የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ስለምትገኝ በገበያዋ ቀን ከፎገራ ሜዳና ከአካባቢው ቀበሌዎች ብዙ ሕዝብ ይጎርፍባታል። አንዱ ሩዝ ሊሸጥ፣ ሌላው በሬ ሊገዛ፣ ሌላው ከዘመዱ ጋር ሊገናኝ፣ ሌላውም ወሬ ሊሰማ ይመጣል። ገበያው አንድ ሲሆን ጉዳዩ ልዩ ልዩ ነው። ሸማቾችም ሁሉ ለአንድ ጉዳይ ካልመጣችሁ ብሎ የሚቆጣ ሰው የለም።

ለጨዋታ የሚሰበሰቡ ሰዎች ግን ሁሉም አንድ ነገር ፈልገው የመጡ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይህ ስሕተት ነው። በእኔ አስተያየት፣ የጨዋታ መሪ ዋና ተግባር የተጫዋቾቹን የፍላጎት ልዩነት ዐውቆ ለእያንዳንዱ ተገቢውን ድርሻ መስጠት ነው እንጂ ሁሉም በአንድ መንገድ እንዲጫወቱ ማስገደድ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ጨዋታ የምለው ተቀምጠው በቃልና በሐሳብ የሚጫወቱትን፣ ሰው ያልሆነውን ሆኖ የሚቀርብበትን ነው። እንቆቅልሽን አስታውሱ። መልሱ የጠፋበት ተጫዋች ለጠያቂው አገር ይሰጣል። በዚያች ቅጽበት ቀን ከብት ሲጠብቅ የዋለው ልጅ የጎንደር ወይም የደብረ ታቦር ጌታ ይሆናል። ሕፃናት እቃ እቃ ሲጫወቱም አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌላው እንግዳ ይሆናሉ። በውጭው ዓለምም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጨዋታ አለ። በ1974 እ.ኤ.አ. ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘ ጨዋታ አሳተሙ። በዚህ ጨዋታ አንዱ ሰው ታሪኩን ይተርካል፤ ዳኛም ይሆናል። ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። አጠራጣሪ የሆነውን ነገር ዛር ጥለው ይወስናሉ። እንዲህ ባለው ጨዋታ መሪው ካላወቀበት ታሪኩም ጓደኝነቱም ይበላሻል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በትምህርት ቤታችሁ ክበብ የችሎት ጨዋታ ልትጫወቱ ተሰበሰባችሁ እንበል። መሪው ታሪኩን እንዲህ ሲል ይጀምራል፦ በክረምት የጉማራ ወንዝ ሞልቶ በሁለት ገበሬዎች መካከል የነበረውን የድንበር ምልክት ወሰደው። ውኃው ከሸሸ በኋላ የአንደኛው ከብቶች የሁለተኛውን የሩዝ አዝመራ አጠፉ። ባለ አዝመራው ካሳ ይጠይቃል። ባለ ከብቱ ደግሞ ከብቶቹ የገቡት በራሱ መሬት ላይ እንደ ሆነ ይከራከራል። ከዚህ በኋላ ተጫዋቾቹ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክር፣ ሽማግሌና ዳኛ ሆነው ነገሩን ከፍጻሜ ያደርሳሉ።

በዚህ ችሎት ውስጥ ቢያንስ አራት ዐይነት ተጫዋቾችን ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው መርታትን ይወዳል፤ ካሳውን ካላስከፈለ ወይም ካልዳነ ጨዋታው አይጥመውም። ሁለተኛው ንግግርን ይወዳል፤ ቢረታም በአማረ ቃል ተሟግቶ ከሆነ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሦስተኛው ምርመራን ይወዳል፤ ድንበሩ በእርግጥ የት እንደ ነበር ሳያውቅ እንቅልፍ አይወስደውም። አራተኛው የመጣው ከጓደኞቹ ጋር ለመሆን ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ነገር ግን የሚባለውን ሁሉ ይሰማል።

ብልኅ መሪ ለእነዚህ አራቱም ቦታ ያዘጋጃል። ለመርማሪው ዱካ ይተውለታል፤ በውኃው ያልተወሰደ የዛፍ ጉቶ ወይም የቆየ የቦይ መስመር በታሪኩ ውስጥ ያስቀምጥለታል። ለተናጋሪው የሙግት ሰዓት ይሰጠዋል፤ ሰዓቱንም ይወስንበታል። መርታት ለሚወደው ግቡን ግልጽ ያደርግለታል፤ ሆኖም የሚረታው በማስረጃ እንጂ በጩኸት እንዳልሆነ ያስገነዝበዋል። ዝምተኛውን ምስክር ወይም ሽማግሌ ያደርገዋል። ብዙ መናገር የማይወድ ልጅ በአንዲት ቃል የችሎቱን ሂደት ሊለውጥ ይችላልና። መመልከት ብቻ የሚበቃውንም አያስገድደውም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን አሳብ ይቃወማሉ። «ደንብ ለሁሉም እኩል ነው፤ ያልተስማማው ይተው» ይላሉ። ደንብ እኩል መሆን እንዳለበት እኔም አምናለሁ። ገበጣ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች የተለያየ ሕግ ቢከተሉ ጨዋታ አይኖርም። የገበጣ አጨዋወትም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ከሌላ አገር ከመጣ ሰው ጋር የሚጫወት የመጀመሪያዋን ጠጠር ከማንሣቱ በፊት በሕጉ መስማማት ይኖርበታል። ይሁን እንጂ የደንብ እኩልነትና የድርሻ አንድ ዐይነትነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በደቦ ሥራ ላይ አንዱ ያጭዳል፣ አንዱ ነዶ ያስራል፣ አንዱ ደግሞ ዜማ እያወጣ ሌላውን ያበረታታል። ዜማ አውጪው ከአጫጁ ያነሰ ነው የሚል ገበሬ የለም።

ከዚህ የባሰው ስሕተት መሪው ፍርዱን አስቀድሞ በልቡ ወስኖ መምጣቱ ነው። እንዲህ ያለው መሪ ተናጋሪው ቢናገር፣ መርማሪው ቢመረምር ከንቱ መሆኑን ያውቃል። ተጫዋቾቹም ውለው አድረው ይደርሱበታል። መሪ የታሪኩን መነሻ ያዘጋጅ፤ መድረሻውን ግን ለተጫዋቾቹ ይተውላቸው።

እርግጥ ነው፣ የሁሉንም ፍላጎት በአንድ ጊዜ ማሟላት የማይቻልበት ሁኔታ ይኖራል። በእንቆቅልሽ አገር የተቀበለው ሰው የተረታውን መዝለፉ የተለመደ ነው። አንዱ በዘለፋው ከልቡ ይሥቃል፤ ሌላው ግን ድህነቱ ወይም መልኩ ሲነሣበት ልቡ ይቆስላል። በዚህ ጊዜ መሪው ከሣቂው ይልቅ ለተጎጂው ማድላት አለበት። የአንዱ ሣቅ ቢቀር ጨዋታው በሌላ መንገድ ሊቀጥል ይችላል፤ የቆሰለው ልጅ ግን ነገ አይመለስም። ስለዚህ ምን እንደሚቀለድበትና ምን እንደማይነካ አስቀድሞ መነጋገር ተገቢ ነው።

ምናልባት «ለጨዋታ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ?» ትሉ ይሆናል። በክፍላችሁ ውስጥ ከሩቅ ቀበሌ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ቤት እያመላለሱ የሚማሩትን አስቡ። ከተማው ለእነርሱ እንግዳ ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከባልንጀሮቻቸው ጋር የሚያገናኛቸው አንዱ ነገር ጨዋታ ነው። ጮክ ብሎ የሚናገረው ብቻ በሚደሰትበት ክብ ውስጥ ድርሻ ያጣ ልጅ ቀስ በቀስ ይርቃል። የሚርቀውም ከጨዋታው ብቻ አይደለም፤ ከጓደኝነቱም፣ አብሮ ከማጥናቱም ይርቃል።

ስለዚህ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ጨዋታ የመምራት ተራ ሲደርሳችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ «እናንተ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የምትወዱት ምኑን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም አድምጡ። በጨዋታው መካከል ለረጅም ጊዜ ያልተናገረ ማን እንደ ሆነ ዙሪያውን ተመልከቱ። ጨዋታው ሲያበቃም ማን እንደ ረታ ብቻ ሳይሆን ማን ነገ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚፈልግ ልብ በሉ። ጨዋታውን በሚገባ መምራታችሁ የሚታወቀው በዚህ ነው።