መሰንቆውና ኪቦርዱ ለምን አልተስማሙም?

አንባብያን ሆይ፤ በጥር ወር ደብረ ታቦር ከተማ ወይም ከዚያ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ታውቁ እንደ ሆነ፣ ይህን ነገር ሳትታዘቡት አልቀራችሁም። አዝማሪው መሰንቆውን ይገዘግዛል። ከጎኑ አንድ ወጣት ኪቦርዱን ዘርግቶ ከበሮውንም፣ ባሱንም፣ ዋሽንቱንም በአሥር ጣቶቹ ያስጮኻል። ጭፈራው ይደምቃል። ዳሩ ግን አዝማሪው አንቺ ሆዬን በጀመረ ጊዜ ሁለቱ ድምፆች ሳይጣሉም ሳይፋቀሩም ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ጆሮው የነቃ ሽማግሌም ፊቱን ቋጠር ያደርጋል። ጥፋቱ የማን ነው?

ለዚህ መልስ ለማግኘት አስቀድሞ ሚዲ የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሚዲ ማለት የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸውና ከኮምፒዩተር ጋራ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። ብዙ ሰው በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ ይመስለዋል፤ የሚያልፈው ግን ትእዛዝ ብቻ ነው። አንዱን ቁልፍ በተጫናችሁ ጊዜ ሦስት ቁጥሮች ይላካሉ፤ 144፣ 60፣ 100 እንበል። 144 «በመጀመሪያው መሥመር ኖታ ጀምር» ማለት ነው። 60 የቁልፉ ቁጥር ሲሆን፣ እርሱም በፒያኖ መካከል ያለው ዶ ነው። 100 ደግሞ ጣታችሁ በምን ያህል ፍጥነት እንደ ወረደ ይናገራል። ጣታችሁን ስታነሡ ሌላ ትእዛዝ ይከተላል። በቀድሞው ባለ አምስት እግር መሰኪያ ይህ ሦስት ቁጥር የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ነው። ትእዛዙን የተቀበለው መሣሪያ ከራሱ ሆድ ዋሽንት ቢያወጣ ወይም መለከት ቢያወጣ ገመዱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በጋይንት ምድር ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗን የማያውቅ የቤተ ክህነት ተማሪ የለም። በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ በደቂቅ ጽሕፈት የሚታዩት ምልክቶች፣ እነ ይዘት፣ እነ ድፋት፣ እነ ርክርክ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደረጉ ይነገራል። ምልክቱ ዜማውን በውስጡ አልያዘም፤ ዜማውን የያዘው የመሪጌታው ጕሮሮ ነው። ምልክቱ «ያን የምታውቀውን አምጣ» ይላል እንጂ ያልተማረ ሰው ቢያፈጥበት ቢውል አንዲት ድምፅ አያወጣለትም። የሚዲም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ተማሪው ብረት መሆኑ ነው።

ከዚህ በታች ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ መሣሪያ የራሱን ቋንቋ ይሠራ ስለ ነበር፣ የአንዱ ከሌላው ጋራ አይግባባም ነበር። የሮላንድ መሥራች ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺና አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ ይህን ለማስቀረት ተነሡ። በጥር 1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገ የመሣሪያ ትርኢት የሁለት ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተገናኝተው ታዩ። ቋንቋው ለማንም ያለ ክፍያ ተሰጠ፤ ዓለምን ያዳረሰውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በዚያው በ1983 ያማሃ የሚዲ መሰኪያ ያለውን ዲኤክስ 7 የተባለ ኪቦርድ ለገበያ አወጣ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ይዞ የቀረጸው ካሴት ላይ ይኸው ዲኤክስ 7 ይሰማል። ልብ በሉ፤ አኮርዲዮንም ሆነ ኪቦርድ ቁልፉ የተቈረጠ ነው፤ እንደ መሰንቆ ጣት አንሸራትቶ በሁለት ድምፆች መካከል መቆም አይቻልም። ቢሆንም ካሴቱን የሰማ ሁሉ ዜማው የኢትዮጵያ መሆኑን አይስትም። እንግዲህ መሣሪያውን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይሆንም።

ስለ ምት የተነሣ እንደ ሆነማ ሚዲ ለእኛ የተሠራ ይመስላል። ብዙ መሣሪያዎች አብረው እንዲሄዱ አንዱ መሪ ሆኖ ለእያንዳንዱ ሩብ ኖታ 24 ጊዜ 248 የሚለውን ቁጥር ይልካል፤ 250 «ጀምር»፣ 252 «አቁም» ነው። 24 ለሁለትም ለሦስትም ያለ ቀሪ ይካፈላል። ችክችካችን ደግሞ ስድስት ትንንሽ ምቶች ያሉት፣ እንደ ሁለት ሦስቶችም እንደ ሦስት ሁለቶችም ሊቈጠር የሚችል ነው። ትንሹ ምት 12 ቢሆን ዙሩ 72 ይሆናል፤ 36 ሁለት ጊዜ ወይም 24 ሦስት ጊዜ። አንዲት ፍርፋሪ አትተርፍም።

ችግሩ ያለው ከቅኝቱ ላይ ነው። ያ 60 የሚለው ቁጥር ከዶ እስከ ዶ 12 እኩል እርምጃ ካለው የፈረንጅ ፒያኖ የተወሰደ ነው። የመሰንቆ ጣት ግን ጆሮ በፈቀደበት ይቆማል፤ በ60ና በ61 መካከል ላለው ድምፅ ቁጥር አልተሰጠውም። ድምፅ ማጉበጫ የሚባል ሌላ ትእዛዝ በ16,384 ደረጃ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ነገር ግን በዚያ መሥመር የሚሰሙትን ኖታዎች ሁሉ አብሮ ያጎብጣቸዋል። በ2020 የወጣው ሁለተኛው ሚዲ ለእያንዳንዱ ኖታ የራሱን ማስተካከያ ፈቅዷል፤ እርሱን የሚረዳ መሣሪያ ለገዛ ሰው መልካም ነው።

ላልገዛውም መላ አለ። ለዐረብ ሙዚቃ የተሠሩ ኪቦርዶች፣ ሌሎችም ብዙዎች፣ የ12ቱን ቁልፎች ድምፅ አንድ በአንድ በግማሽ ድምፅ መቶኛ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አላቸው። ከእናንተ መካከል ኪቦርድ የሚጫወት ቢኖር፣ ጭፈራው ሳይጀመር አዝማሪውን «ጋሼ፣ እስቲ አንቺ ሆዬን ቀስ ብለው ይምቱልኝ» ይበላቸው። አምስቱን ድምፆች አንድ በአንድ ይስማ፤ ያልገጠመውን ቁልፍ እስኪገጥም ያንሣው ወይም ያውርደው፤ ከዚያም በመሣሪያው ውስጥ ያስቀምጠው። ወደ ባቲ ወይም ወደ ትዝታ ሲሻገሩ ግን መልሶ ዜሮ ላይ ማድረጉን አይርሳ፤ አለዚያ ሽማግሌው ፊታቸውን እንደገና ይቋጥሩበታል።