የማን መጸው ነው የምንሥለው?

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ሥዕል ሲጻፍ እምብዛም አይታይም። እኔም ሠዓሊ ነኝ አልልም፤ ገና የብሩሽ አያያዝ የምማር ዕጩ መምህር ነኝ። ሆኖም ያየሁትን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ካቻምና የዘይት ቀለም ስንጀምር ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ የአውሮፓ ጫካ ፊቴ አስቀምጬ ገለበጥኩ። ዛፉ ሁሉ ቀይና ብርቱካንማ፣ መሬቱም የረገፈ ቅጠል ለብሷል። ሁለት ሳምንት ለፋሁበት። ለእረፍት ላስታ ቤታችን ይዤው ስሄድ እናቴ ትክ ብላ አየችውና «ልጄ፣ ይህን ጫካ እሳት ነው የበላው?» አለችኝ። ሳቅሁ። ማታ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋ።

እናቴ ምን አጠፋች? በአውሮፓ በመስከረምና በጥቅምት ቀኑ እያጠረ ብርዱ ሲመጣ የቅጠሉ አረንጓዴ ይፈርሳል፤ ተደብቆ የኖረው ቢጫ ይወጣል፤ በአንዳንዱ ዛፍ ላይም አዲስ ቀይ ይፈጠራል። ላሊበላ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ናት፤ የቀኑ ርዝመት ያን ያህል አይለዋወጥም። ጽዱም ወይራውም ዓመቱን ሙሉ አይራቆትም። የእኛ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው፤ የሚገባውም በአበባ ነው እንጂ ቅጠል በማርገፍ አይደለም።

«ታዲያ ጫካ የት አለንና?» የሚል አይጠፋም። ተራራችን እንደተራቆተ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ይምርሃነ ክርስቶስ ሂዱና እዩ፤ በዋሻ ውስጥ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ያረጀ የጽድና የወይራ ደን ከቦታል። ባለፈው ጥቅምት እዚያ ሦስት ቀን ተቀምጬ ሞከርኩ። ለካ አረንጓዴ አንድ ቀለም አይደለም! የወይራ ቅጠል ላዩ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲገለብጠው ጀርባው ወደ ወርቃማ ቡናማ ያደላል። ከቱቦ የወጣው አረንጓዴ ዛፉን ፕላስቲክ አስመሰለብኝ። ኦከር የሚባለውን የአፈር ቢጫ ከጥቂት ጥቁር ጋር ስደባልቀው ግን ወይራው ራሱ መጣ። ቀይ ለናፈቀውም የጽዱ ግንድ ልጡ እየተላጠ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። የሩቁን ተራራ ወደ ሰማያዊ አፍዝዞ ያልሣለ ሰው ተራራውን ዛፉ ላይ ይለጥፈዋል፤ እኔ ለጥፌዋለሁ።

ሌላም ስሕተት ሠራሁ። ከታች ዘይታም ወፍራም ቀለም፣ ከላይ ስስ ቀባሁ፤ ከወራት በኋላ ተሰነጠቀ። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ የታችኛው በተርፔንታይን የቀጠነ፣ የላይኛው ቅባት የበዛበት መሆን አለበት። (ለጾም የምንቆላው ተልባ ይህ ሁሉ ሙያ እንዳለው ማን አሰበ!)

መገልበጥ እጅን ያፍታታል የሚሉ መምህራን አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ከመምህራቸው እየገለበጡ ነው የተማሩት። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። ነገ በላስታ ገጠር ስንመደብ፣ «መጸውን ሣል» የተባለ ልጅ አይቶት የማያውቀውን ቀይ ቅጠል ከሣለ፣ ደጁ ላይ ያለው አደይ ሥዕል እንደማይሆን ያስተማርነው እኛው ነን።

የሥዕል ክፍላችን በመጪው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ቢሰጠን ይበቃል። ሸራው ባያዳርስ ሙጫ የተቀባ ካርቶን ይሆናል። እኔም የተሰነጠቀውን ሥዕሌን ይዤ እመጣለሁ፤ ስሕተቱን ከማስረዳት ማሳየት ይቀላል።