የሸራ ጣሪያና የፋይበርግላስ ቦዲ፤ የተሰፋውን እናስመጣ ወይስ ጨርቁን?

በተሽከርካሪ መለዋወጫ ንግድ የተሠማሩ ነጋዴዎቻችን እንደሚያውቁት፣ የሸራ ጣሪያ የሚታዘዘው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በመኪናው ዓይነትና በተሠራበት ዓመት ነው። ደንበኛው «ጂፕ ሲጄ ሰባት ነው፤ የ1980 ነው» ይላል፤ ባለሱቁም ካታሎጉን ገልጦ ቍጥሩን ይጽፋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ዕቃው በካርቶን ታሽጎ ይደርሳል። የመኪናው ቦዲ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ብረት ከሆነ ይህ አሠራር ብዙ ነቀፌታ የለበትም። ቦዲው በፋይበርግላስ የተተካ እንደ ሆነ ግን፣ የካታሎጉ ቍጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ዕቃው ልክ ሳይሆን ሊቀር ይችላል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ ለእንዲህ ያለው መኪና የተሰፋ ጣሪያ ማዘዙን ትተን ጨርቁንና ማያያዣውን እናስመጣ፤ ስፌቱንም በመኪናው ላይ ለክተን በገዛ አገራችን እናሠራው የሚል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። (የመኪናዎቹ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጂፕ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሸራ ለብሶ የተወለደ መኪና ነው። በ1945 ለሲቪል ሥራ በወጣው ሲጄ ሁለት ኤ፣ ከ1955 እስከ 1983 በተሠራው ሲጄ አምስትና ከ1976 እስከ 1986 በተሠራው ሲጄ ሰባት ላይም የሸራ ጣሪያ አልቀረም። የእነዚህ መኪናዎች ጠላት ዝገት ነው። በተለይ በሰሜን አሜሪካ፣ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን፣ ሻንሲውና ሞተሩ ደኅና ሳሉ የቦዲው ወለልና ጎን በልቶ ያልቃል። ስለዚህም በዚያው ሻንሲ ላይ የሚቀመጥ የፋይበርግላስ ቦዲ እየሠሩ የሚሸጡ ሰዎች ተነሡ። ፋይበርግላስ አይዝግም፤ ቢሰበርም በሬዚንና በመስታወት ጨርቅ ይጠገናል፤ ባትላሜራም አይፈልግም።

ይህን ከሌላ ነገር ጋር እንዳናደባልቀው ያስፈልጋል። ብሩስ ሜየርስ የተባለው አሜሪካዊ በ1964 የሠራው ሜየርስ ማንክስም ሆነ፣ በ1969 በብራዚል የተቋቋመው የጉርጌል ፋብሪካ ያወጣቸው ሸራ ለባሽ መኪናዎች፣ ሲፈጠሩም ቦዲያቸው ፋይበርግላስ ነው። ለእነርሱ ሸራ የሚቈርጥ ሰው ከመጀመሪያው በፋይበርግላሱ ልክ ይቈርጣል። ችግሩ የሚመጣው ሸራው ለብረት ተቈርጦ፣ የሚለብሰው አካል ግን ሌላ በሆነበት ጊዜ ነው።

የብረት ቦዲ በማተሚያ መሣሪያ ተመትቶ ስለሚወጣ አንዱ ከሌላው ጋር የሚለያየው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ የላሜራውም ውፍረት ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፋይበርግላስ ግን በአብዛኛው በቅርጽ ውስጥ በእጅ እየተነጠፈ፣ ሬዚን እየጠጣ የሚደርቅ ነገር ነው። ሬዚኑ ሲጠነክር ይኰማተራል፤ ሠራተኛው አንድ ንጣፍ ከጨመረ ግድግዳው ይወፍራል፤ ጠርዙም እንደ ላሜራ ስለታም ሳይሆን ድቡልቡል ሆኖ ይወጣል። በፋብሪካ የተሰፋው ሸራ ደግሞ በግርጌው የፕላስቲክ ዘንግ ተሰፍቶበት፣ ያ ዘንግ ከቀጭኑ የብረት ከንፈር ሥር ገብቶ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ከንፈሩ አራትና አምስት ሚሊ ሜትር ሲወፍር ዘንጉ አይገባም፤ በግድ ቢገባም በመንገድ ላይ ነፋስ ሲሞላው ይወጣል። የንፋስ መከላከያው መስታወት ፍሬም አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካጋደለ፣ የኋላው መስኮት ዚፕ ወይ አይገናኝም፣ ወይ ተጨማድዶ ውሃ ያቍራል።

ከዚህም በላይ ለብረቱ መኪና ራሱ ካታሎጉን አጥብቆ ማንበብ ያስፈልጋል። የሲጄ አምስት ጣሪያ እስከ 1975 ለተሠራው ሌላ፣ ከ1976 ወዲህ ለተሠራው ሌላ ነው። ቦዲው የተተካ መኪና ሲሆን ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመት የሻንሲውን ዕድሜ እንጂ የቦዲውን ልክ አይናገርም። ደንበኛው አልዋሸም፤ ባለሱቁም አላታለለም፤ ዕቃው ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ማያያዣው እንምጣ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ ነውና። በብረት ላይ እየተጫኑ የሚቈለፉትን የሸራ ቍልፎች በሪቬት ወይም ራሱ ጥርስ እያወጣ በሚገባ ብሎን መምታት የተለመደ ነው። ያንኑ በፋይበርግላስ ላይ ያደረገ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። ሪቬቱ ሲያብጥ ንጣፉን ይሰነጥቀዋል፤ ጄልኮት የሚባለው የላይኛው ሽፋንም እንደ ሸረሪት ድር ይፈነጣጠቃል። ብሎኑም ጥርሱን የሚያሳርፍበት ጠንካራ ነገር ስለማያገኝ፣ ሸራው ጥቂት ቀን እንደ ተንቀጠቀጠ ቀዳዳው ሰፍቶ ይወልቃል። ተገቢው አሠራር ከወዲያ ወዲህ የሚያልፍ የማይዝግ ቡሎን ከዳዶና ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ማግባት፣ ብዙ ቍልፍ በሚደረደርበት ስፍራም ከውስጥ በኩል የአሉሚኒየም ጠፍጣፋ መደገፊያ አድርጎ ጭነቱን ማከፋፈል ነው። ሲበሱትም የወረቀት ቴፕ ለጥፎ፣ በቀጭን መብሻ ጀምሮ፣ የትራፓኖውን ኀይል ሳያበዙ፣ የቀዳዳውን አፍ በጥቂቱ አስፍቶ፣ በመጨረሻም ውሃ ወደ ንጣፉ እንዳይሰርግ በሲሊኮን ማሸግ ይገባል። የፋይበርግላስ ትቢያ ለሳንባም ለዓይንም መጥፎ ስለሆነ፣ ሠራተኛው አፍንና አፍንጫ የሚሸፍን ጭንብልና መነጽር ያድርግ።

ቅደም ተከተሉም የራሱ ሕግ አለው። አስቀድሞ የንፋስ መከላከያው ፍሬምና ቅስቶቹ ይቆማሉ፤ ከዚያ ሸራው ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ሲለሰልስ ይወጠራል፤ ምልክት የሚደረገውም ሆነ የሚበሳው ከዚህ በኋላ ነው። ቅስቶቹን የሚሸከመው ብረት በፋይበርግላሱ ጎን ላይ ብቻ ከሚንጠለጠል፣ እግሩ ከሻንሲው ጋር በተያያዘ የመገልበጫ መከላከያ ብረት ላይ ቢያርፍ ይሻላል። መኪና ሲገለበጥ ሸራም ሆነ ፋይበርግላስ ሰው አያድንምና፣ ሻጩ ስለዚህ ብረትና ስለ መቀመጫ ቀበቶ ሳይናገር ጣሪያ ብቻ ሸጦ ባይሸኝ መልካም ነው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ እንነጋገር። የተሰፋ ጣሪያ የሚመጣው በውጭ ምንዛሬ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዋጋው፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ ተከፍሎበት የመጣ ዕቃ ልክ ካልሆነ መልሶ መላኩ ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ወጪ ሊያስከትል ይችላል፤ ስለዚህ በመደብሩ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። በሌላ በኩል በዚያው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ጥሎ ሌላ ከመግዛት ማደሱን የሚመርጥበት ምክንያት በርክቷል። ገበያው አለ፤ የሚያዋጣው ግን በጥቅል የመጣ ጨርቅ ነው። ከአንድ ጥቅል ቪኒል የተቀባ ፖሊስተር ለጂፕም፣ ለላንድሮቨርም፣ ለጭነት መኪናም ይቈረጣል፤ የተሰፋው ጣሪያ ግን ለአንድ መኪና ብቻ ነው።

«የፋብሪካ ስፌት ይበልጣል» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ለብረት ቦዲ እውነታቸውን ነው፤ መገጣጠሚያው በሙቀት የተበየደ፣ መስኮቱም የተፈተነ ነውና እኔም ያንኑ እገዛ ነበር። የመርካቶ ሸራ ሰፊ ሊያውቀው የሚገባው ልዩነት ይህ ነው፤ የጥጥ ሸራ ሲረጥብ አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ ራሱ ይደፍናል፤ ቪኒል ግን አይደፍንም። ስለሆነም ፀሐይ የሚችል የፖሊስተር ክር መጠቀም፣ ስፌቱንም እጥፍ አድርጎ በማሸጊያ መቀባት ግዴታ ነው። ክሩ፣ ዚፑ፣ ለመስኮት የሚሆነው ጥርት ያለ ቪኒልና የማይዝገው ቡሎን ከጨርቁ ጋር አብረው ይታዘዙ። መስኮቱን ለገዢው ሲያስረክቡም አቧራውን በደረቅ ጨርቅ እንዳይጠርገው፣ አስቀድሞ ውሃ እንዲያፈስበት ይንገሩት፤ ያለዚያ ብዙም ሳይቈይ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

የሶማሌ ተራ ባለሱቆችም ሆኑ አስመጪዎቻችን በትእዛዝ ቅጻቸው ላይ ከመኪናው ዓይነትና ዓመት ቀጥሎ አንድ መስመር ቢጨምሩ እወዳለሁ፤ «ቦዲው ብረት ነው ወይስ ፋይበርግላስ? የጠርዙ ውፍረት ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» የሚል። ፋይበርግላስ ከሆነ መኪናው ራሱ መጥቶ ይለካ። ደንበኛው ይህን እምቢ ብሎ የተሰፋውን ካላስመጣችሁልኝ ያለ እንደ ሆነ፣ ጣሪያው ልክ ባይሆን ኪሣራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ቀብድ ከመቀበል በፊት በደረሰኙ ላይ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት።