ደመ ከልብ

ገዳዩ ያልተጠየቀ፣ ጉማው ያልተከፈለ ሟች «ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይባላል። ከልብ በግዕዝ ውሻ ነውና፣ ቃሉ ሲፈታ ሟቹ እንደ ውሻ ሞተ፣ ስለ እርሱም ተነሥቶ የተሟገተ የለም ማለት ነው። አነጋገሩ ሰው እንዲህ ሆኖ እንዳይቀር የተባለ የፍትሕ ጩኸት ስለ ሆነ መልካም አነጋገር ነው። ነገር ግን በውስጡ ያለውን ሌላውን ሐሳብ፣ ይኸውም የውሻ ደም በተፈጥሮው ጠያቂ የሌለው ነው የሚለውን፣ ቆም ብለን ሳንመረምረው ብዙ ዘመን አልፏል። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚሁ ሐሳብ ጋር ነው።

በዋና ከተማችንም ሆነ በሌሎች ከተሞች ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዙ በተባለ ጊዜ ሲወሰድ የኖረው ርምጃ የታወቀ ነው። ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ በሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ሌሊት በየመንገዱ ይጣላል፤ ሲነጋ ሬሳ ይለቀማል። የመርዙን ስም የሰማ ብዙ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ስለ ሆነ ልናገረው። ስትሪክኒን በሕንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ነው። ጡንቻ ከተኰማተረ በኋላ ዘና እንዲል የሚያዝዘውን መልእክት በኅብለ ሰረሰር ላይ ይዘጋዋል። ስለዚህ መርዙን የቀመሰ እንስሳ ትንሽ ድምፅ በሰማ ወይም ትንሽ ነገር በነካው ቍጥር መላ አካላቱ እንደ ቀስት ይገተራል፤ በመጨረሻም የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ስለሚያዙ ታፍኖ ይሞታል። ይህ ሁሉ ሲሆን አእምሮው አይደነዝዝለትም፤ ሥቃዩን እያወቀ ይሞታል። ይህንን «ጽዳት» ብሎ በደብዳቤ ላይ መጻፍ ለብዕር ቀላል ነው።

የዚህ ርምጃ ጠበቆች አንድ ብርቱ መከራከሪያ አላቸው፤ እኔም ንቄ አላልፈውም። የእብድ ውሻ በሽታ አለ ይላሉ። አለ። በአዲስ አበባ የበሽታው ወረርሽኝ የተመዘገበው ከተማይቱ ከተቈረቈረች ሃያ ዓመት ሳይሞላት፣ በ1903 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። በመላው ዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ የሚበዛው ሟች የአፍሪካና የእስያ ሰው ነው። ወደ ሰው ከሚተላለፈውም ከመቶው እስከ 99 ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ከመቶው 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች መሆናቸው ነው። እንግዲህ ልጁ የተነከሰበት አባት «ውሾቹን ሁሉ ጨርሱልኝ» ብሎ ቢጮህ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። የምፈርደው ጩኸቱን ሰምቶ የማይፈውስ መድኃኒት በሚያቀርብለት ላይ ነው።

መርዙ አይፈውስምና። ፍሎሬስ የምትባለው የኢንዶኔዥያ ደሴት ከእብድ ውሻ በሽታ ንጹሕ ሆና ስትኖር፣ በ1997 በጀልባ በመጡ ጥቂት ውሾች ምክንያት በሽታው ገባባት። ሹማምንቱ የደሴቲቱን ውሾች በመቶ ሺህ በሚቈጠር ብዛት አስገደሉ፤ በሽታው ግን ከውሾቹ ጋር አልተቀበረም። በዚያው አገር ባሊ በተባለችው ደሴት በ2008 በሽታው በተነሣ ጊዜ እንዲሁ በመግደል ተጀመረ፤ በሽታውም እየሰፋ ሄዶ ደሴቲቱን በሙሉ አዳረሰ። በ2010 ውሾቹን በጅምላ ወደ መከተብ ሲዞሩ ነው የሟቹ ሰው ቍጥር የቀነሰው። ሜክሲኮ ግን ብዙ ዓመታት ውሾችን በነጻ ስትከትብ ኖራ፣ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ ያጠፋች የመጀመሪያዪቱ አገር መሆኗን የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 መሰከረላት። ሜክሲኮ ከእኛ ይልቅ ሀብታም አገር ናት የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ድኻ አገር በማይሠራ ነገር ላይ ገንዘቡን የሚያፈስበት ምክንያት ምንድር ነው?

መግደል የማይሠራበትም ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ውሻ የሚሰፍረው ምግብ ባለበት ነው። በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ አጥንት እስከተጣለ፣ የሆቴል ትራፊ በየጥጋጥጉ እስከተደፋ፣ የቈሻሻውም ገንዳ ሳይነሣ እስከሰነበተ ድረስ፣ ዛሬ በመርዝ የተለቀቀውን ቦታ ነገ ከጎረቤት ሠፈር የመጣ ይይዘዋል። የተረፉትም ምግቡ ስለሚበቃቸው ብዙ ቡችላ ያሳድጋሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው ለይቶ አለማወቁ ነው። በአንድ ከተማ ካሉት ከመቶው ውሾች 70ው ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል ይላሉ ሊቃውንቱ። እንግዲያውስ የተከተበ ውሻ ማለት በሽታውንና ልጆቻችንን የሚለይ አጥር ነው። በቀን አጥር ሠርቶ በሌሊት የሚነቅል ባላገር አይታችሁ ታውቃላችሁን?

ይህ ክትባት ራሱ እንዴት እንደ ተገኘ ማስታወስ ይገባል። ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 1885 በውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ከመከተቡ በፊት መድኃኒቱን የፈተነው በውሾች ላይ ነበር። የዚያ ሊቅ ስም በአዲስ አበባ የሠፈር መጠሪያ ሆኖ ይኖራል፤ «ፓስተር ጋ ውረድ አለ» የሚል ተሳፋሪ ሁሉ ሳያውቀው ያነሣዋል። ስሙን ያከበርን ሕዝብ ሥራውንም ብናከብር መልካም ነበር።

መርዙ ደግሞ በውሻው ሆድ ውስጥ አይቀርም። ሬሳው ሳይነሣ በሰነበተበት ሁሉ ጥንብ አንሣ ይወርዳል፣ ጅብም ይመጣል። ጥንብ አንሣዎች በአፍሪካ ውስጥ እያለቁ ካሉበት ምክንያት ዋነኛው መመረዝ ነው፤ እነርሱ ሲያልቁ ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የከተማ ጠራጊዎቻችንን አጣን ማለት ነው።

ወደ ባሌ ተራራዎችም መሻገር ይገባል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በዓለም ሁሉ የቀረው ከ500 ብዙም አይበልጥም፤ የሚበዛውም በባሌ ነው። በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ከእረኞች ውሾች የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቶታል። ይህንን ብርቅ አውሬ ለማዳን የደከሙት ሰዎች የመረጡት የእረኛውን ውሻ መግደል ሳይሆን መከተብ ነበር። እረኛው ያለ ውሻ በጎቹን መጠበቅ እንደማይችል ያውቁ ነበርና። በገጠር የተማርነው ትምህርት ከተማ ሲደርስ ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም።

«ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለው ደግሞ በየቢሮው የምንሰማው ተግሣጽ ነው። በዚህ ረገድ ታሪክ የሚመሰክረው ሌላ ነው። በ1824 በለንደን ከተማ ለእንስሳት የሚሟገተው ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ዊልያም ዊልበርፎርስ ነበር፤ ዕድሜውን በሙሉ የባሪያ ንግድ እንዲቀር የታገለው ያው ሰው ነው። ማኅበሩ ውሻን የሚጠብቅ ሕግ በ1835 ያገኘው፣ የእንግሊዝ መንግሥት በግዛቶቹ ባርነትን በሕግ ከሻረ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ርኅራኄ እንደ ጤፍ በቁና የሚሰፈር፣ ለአንዱ ሲሰጡት ለሌላው የሚጎድል ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች አንዱን ትተው ሌላውን ይይዙ ነበር።

ውሻ ርኩስ ነው የሚለውን ክርክር በሁለት ቃል አልፈዋለሁ። ውሻን ከቤተ መቅደስ ደጅ መከልከል ሥርዐት ነው፤ ማሠቃየት ግን ሥርዐት አይደለም። የአልዓዛርን ቍስል የላሱት ውሾች ነበሩ፤ ጦብያንም በመንገዱ ሁሉ የተከተለው ውሻው ነበር። እስላም ወንድሞቻችንም ከጕድጓድ በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማን ውሻ ስላጠጣውና ኀጢአቱ ስለተሰረየለት ሰው የሚነገረውን ሐዲስ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ሁሉን ነገር በሹማምንት ላይ መጫን ግን ደስ አይለኝም። ወንዱን ቡችላ አስቀርቶ ሴቶቹን በከረጢት ቋጥሮ ቦይ ውስጥ የሚጥል ማዘጋጃ ቤት አይደለም። ቁጡ ይሆናል ብሎ ጆሮውን በምላጭ የሚቈርጥ፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ክንድ ገመድ አስሮ ውሃ የሚነሣው፣ ሲያረጅም ከአጥር ውጪ ዘግቶበት የሚገባ ባለቤቱ ነው። ባለቤት የሌለው ውሻ የሚባለው ሁሉ ከሰማይ አልወረደም፤ ትናንት ባለቤት ነበረው። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ብለን ታማኝነቱን የምንተርት ሰዎች እኛው ነን፤ በበላበት ቤት ደጃፍ እየጮኸ የሚሞተውም እርሱ ነው። በትምህርት ቤት መንገድ ላይ ውሻን በድንጋይ የሚያባርር ልጅም ይህንን ጨዋታ ያየው ከታላላቆቹ ነው። የተወገረ ውሻ ደግሞ መናከስን ይማራል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ነገ በዚያው መንገድ የሚያልፈው ሌላ ልጅ ነው።

በየሠፈሩ ይህን ነገር ተቃውመው አቤቱታ የሚጽፉ ዜጎች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ ፈገግታ ነው። እነርሱን የምመክረው ማመልከቻቸው ልቅሶ ብቻ እንዳይሆን ነው። ለመርዝና ለሬሳ ማንሻ በዓመት ምን ያህል ገንዘብ እንደ ወጣ፣ በዚያው ገንዘብ ስንት ውሻ ሊከተብና ሊኰላሽ ይችል እንደ ነበር፣ ከመርዙም በኋላ የተነካሹ ቍጥር ቀንሶ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሹሙ ለዕንባ መልስ ባይሰጥ ይቻለዋል፤ ለሂሳብ ግን መልስ መስጠት ግዴታው ነው። ሥጋ ቤቶችና ሆቴሎች ጥራጊያቸውን በክዳን ገንዳ እንዲያኖሩ የሚያስገድድ ደንብም አብረው ይጠይቁ።

መምህራን ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅዱ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አላቸው። ፓስተር የሞተበት ዕለት በዓለም ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ በእኛ አቈጣጠር በአብዛኛው መስከረም 18 ይውላል፤ የመስቀል ማግስት ነው፣ ትምህርትም ገና እየተጀመረ ነው። በዚያን ዕለት አንድ ክፍለ ጊዜ ወስደው፣ የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ እንዳለበት፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መከተብ እንዳለበት፣ የሚበላና የሚተኛ ውሻንም አለመነካካት እንደሚገባ ለልጆቹ ያስተምሩ። በቤቱ ውሻ ያለው ልጅ እጁን ያውጣ፤ ከእነዚያም ውስጥ ውሻው የተከተበለት እጁን እንዳነሣ ይቈይ። የቀሩትን እጆች ቈጥረው ቍጥሩን ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይላኩት።