የመቶ አለቃው እምነትና የተጣለው ክኒን

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ ሰው ሲታመም ሆስፒታልም ጸበልም ይሄዳል። በደጋው ብርድ፣ ጎህ ሳይቀድ ነጠላውን አጣፍቶ በባዶ ሆዱ ጸበል የሚጠጣን ሕመምተኛ መንቀፍ አይገባም። ነቀፋ የሚገባው «ካመንክ ክኒኑን ተው» የሚለው ምክር ነው።

ይህ ምክር መጽሐፍ ቅዱስን ይጠቅሳል። የቅፍርናሆሙን የመቶ አለቃ እያነሳ «ቃል ብቻ በቃው» ይላል። በማቴዎስ ምዕራፍ 8 እና በሉቃስ ምዕራፍ 7 ያለውን ታሪክ ረጋ ብሎ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የአይሁድ ሽማግሌዎች «ምኩራብ ሠርቶልናልና ይገባዋል» እያሉ የታመመው አገልጋዩ እንዲድን ሲለምኑለት፣ የመቶ አለቃው ግን ጌታን በቤቱ ሊቀበል የማይገባው መሆኑን ልኮ አስነገረ። ትሕትናው ይህ ነው። እምነቱ ደግሞ የጌታን ሥልጣን ርቀት አይገድበውም የሚል ነበር። ርቀት ያልገደበውን ጌታ አንዲት ክኒን ትገድበዋለች ብሎ ማስተማር ሥልጣኑን ማሳነስ ነው!

የዳነው አገልጋይስ? ስለ እሱ እምነት አንድም ቃል አልተጻፈም። ሕመሙ የጠናበትን ሰው «እምነትህ ጎድሎ ነው» የሚሉ ይህን ልብ ይበሉ።

ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ዝለል ያለው ፈታኝም መዝሙር ጠቅሶ ነበር። መልሱ እግዚአብሔርን አትፈታተን የሚል ሆነ። ንጉሥ ሕዝቅያስም 15 ዓመት እንደተጨመረለት ከተነገረው በኋላ፣ ኢሳይያስ እባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ። ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ አድርጋ የምትቀበለው ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር ያዛል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር በእንጦጦ ማርያም ጸበል የነበሩ ብዙዎች ከጸበሉና ከመድኃኒቱ የቱን እንምረጥ ብለው ተቸግረው ነበር። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ በይፋ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ በየጸበሉ ክኒን የሚያስጥል ሰው በማን ሥልጣን ነው የሚናገረው?

መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በሁለተኛው ወር ሳለ ስለቀለለለት ብቻ «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቆም አባት፣ የተላመደ ቲቢ ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በአዊ ከሐኪም ቃል ይልቅ የንስሐ አባት ቃል የሚሰማበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባቶች ሆይ፣ «ጸበሉን ጠጡ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ። ጸበል በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ የክኒኑ ሰዓት የተጋጨበት ካለ፣ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ያስተካክል እንጂ ክኒኑን አይተው።